ከ500 ዓመት በፊት ብወለድ ኖሮ እኔው እሆን ነበር?

ጥያቄ፦ «ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ። አያቴ ‹አንተ ዘመንህን ተሳስተህ ነው የተወለድከው› እያሉ ያሾፉብኛል፤ እኔም እየቆየሁ ማመን ጀምሬአለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ግን አንድ ክርክር አልቋጭ ብሎናል። ከ500 ዓመት በፊት ብወለድ ኖሮ ያው እኔ እሆን ነበር? እርሱ ‹ነፍስህ ያው ናት፤ የሚለወጠው ልብስህና ሥራህ ብቻ ነው› ይላል። እኔ ደግሞ ሰውን የሚሠራው ዘመኑ ስለሆነ ሌላ ሰው እሆን ነበር እላለሁ። ማናችን ነን ትክክል? አንድ ትንሽ ጥያቄም ልጨምር፤ ወላጆቼ ሰርጋቸውን ሁለት ዓመት አዘግይተውት ነበር። ባያዘገዩት ኖሮ እኔ ዛሬ ሁለት ዓመት እጨምር ነበር ማለት ነው?»

ምላሽ፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ጓደኛዎ በመልሱ፣ እርስዎ በምክንያትዎ። ከ500 ዓመት በፊት ከሌሎች ወላጆች የተወለደ ማንኛውም ልጅ እርስዎን ሊሆን አይችልም። ይህ ግን ዘመኑ የተለየ ጠባይ ስለሚያወርሰው አይደለም። ዘመን ሰውን ይለውጣል እንጂ በሌላ ሰው አይተካም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ግን በእርሱ ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ጥሩ ቃላት አሉት፤ «ማንነት» እና «ምንነት»። አንዱ «ማን ነው?» ለሚለው፣ ሌላው «ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የቆመ ነው። ችግሩ «ማንነት» የሚለውን ቃል ከልክ በላይ ማሸከማችን ነው። ቋንቋውን፣ እምነቱን፣ ወጉን፣ ጠባዩን ሁሉ እዚያ ውስጥ ከተትነው። እነዚህ ግን አንድ ሰው ምን እንደሚናገር፣ ምን እንደሚያምን፣ ምን እንደሚወድ የሚገልጹ ናቸውና የምንነት ወገን ናቸው። የማን ጥያቄ ጠባብ ነው፤ ከብዙ ሰው መካከል ጣት ቀስሮ «ያኛው ሳይሆን ይህኛው» እንደ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ኮት ሊለብሱ ይችላሉ። አንዱን ኮት ግን በአንድ ጊዜ ሁለቱም ሊለብሱት አይችሉም። «አንድ ዓይነት» እና «አንድ» መካከል ያለው ርቀት የጥያቄዎ ቁልፍ ነው።

የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ ካለ አውጥተው ይዩት። ቁመቱ ከዛሬው ወገብዎ ብዙም አያልፍም። በፈገግታው መካከል የሚታዩት የወተት ጥርሶች ዛሬ የት እንደወደቁ አይታወቅም። ምናልባት ጨለማ ይፈራ ነበር፤ ታሪክ ማንበብ ቀርቶ ፊደል አልቆጠረም። በጠባይና በዕውቀት ቢመዘን ከእርስዎ ይልቅ ከየትኛውም የዛሬ የአምስት ዓመት ልጅ ጋር ይመሳሰላል። እርስዎ ግን ጣትዎን ምስሉ ላይ አሳርፈው «ይህ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ የሚከራከርዎትም የለም። ምንነቱ ከሞላ ጎደል ተለውጧል፣ ማንነቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ «ዘመኑ ሌላ ጠባይ ይሰጠኝ ስለነበር ሌላ ሰው እሆን ነበር» የሚለው ክርክርዎ አይዘልቅም። የጠባይ ለውጥ ብቻውን ሌላ ሰው የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅም ሌላ ሰው በሆነ ነበር።

ደግሞ «ሌላ ሰው እሆን ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለው ይመልከቱት። «እሆን» በሚለው ግስ መነሻ ላይ የተቀመጠችው «እ» ማንን ነው የምታመለክተው? «እኔ»ን ተሸክማ የገባች ናት። ግሱ ገና ከመጀመሩ እርስዎን ከ500 ዓመት በፊት አስቀምጦ ከዚያ በኋላ «ሌላ ሰው» ያደርግዎታል። ሰዋስው ያለ ማንም ፈቃድ ያስገባው ሰው ነው። በትክክል ለመናገር ከፈለጉ «እኔ አልኖርም ነበር፤ ሌላ ሰው ይኖር ነበር» ማለት ይኖርብዎታል። ሁለቱ አባባሎች እጅግ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ተለውጦ የቀጠለ ሰው ታሪክ ነው፣ ሁለተኛው ግን ከመነሻው ያልነበረ ሰው።

ይህ ስህተት ከየት እንደሚመጣ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1960ዎቹ ጥሩ አድርጎ አሳይቷል (ዓመቶቹን በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አንድ ሰው «ናፖሊዮን ብሆን ኖሮ» ብሎ ጦር ሜዳውን፣ ጭሱንና ፈረሱን በዓይነ ኅሊናው ያያል እንበል። በዚያ ምስል ውስጥ ናፖሊዮን አለ፤ ምስሉን የሚስለው ሰው ግን የለም። የናፖሊዮን ሕይወት በተወለደ ጊዜም ሆነ በሞተ ጊዜ የተሟላ ነበር፣ የጎደለው ሰው አልነበረም። አሳቢው ራሱን ያስገባ የሚመስለው የሚያስበው እርሱ ስለሆነ ብቻ ነው። እርስዎም ስለ ጥንቱ ዘመን ሲያልሙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የዛሬ ትዝታዎን፣ የዛሬ ቋንቋዎን፣ ያነበቡትን የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ ይዘው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ይህ ጉብኝት ነው እንጂ ልደት አይደለም። እዚያ የተወለደ ሰው ዘመኑን የሚያነጻጽርበት ሌላ ዘመን አያውቅም፤ የሚያስደንቅዎት ነገር ሁሉ ለእርሱ ተራ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ልዙር። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» እንላለን። ተረቱ ውስጥ ቅሉ ቅል ሆኖ ይቀራል፤ የተለወጠው የጊዜው አድልዎ ነው። ጓደኛዎ ሰውን እንዲህ ነው የሚያየው፤ ነፍስ ቅሏ ናት፣ ዘመኑ ደግሞ ድንጋዩን የሚያቀርብላት። ሐሳቡ ጥንታዊና የተከበረ ነው፤ ፕላቶን ነፍስ ከሥጋ በፊት ትኖራለች ብሎ ያስተማረ ነው። ሆኖም ነፍስ አለች ብሎ ማመን ብቻ ጓደኛዎን ወደሚፈልገው መደምደሚያ አያደርሰውም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ነፍስ እንዳለችና እንደማትሞት በጽኑ የሚያምን ሰው ነበር፤ ነገር ግን ነፍስ ከሥጋዋ አስቀድማ ተፈጥራ ወረፋ አትጠብቅም፣ የዚያ ሥጋ ነፍስ ሆና ትፈጠራለች ብሎ አስተማረ። በዚህ አስተምህሮ «ያቺው ነፍስ በሌላ ዘመን፣ በሌላ ሥጋ» የሚለው አማራጭ ቦታ የለውም።

ነፍስ ትዘዋወራለች ብንልስ? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 ባሳተመው ምዕራፍ ላይ ይህን በቀጥታ ጠይቋል። አንድ ሰው በጥንቱ የግሪክ ተረት፣ በትሮይ ከተማ ከበባ ጊዜ የነበረው የኔስቶር ነፍስ በእኔ ውስጥ አለች ብሎ ቢያምን፣ ነገር ግን ኔስቶር ያደረገውንና ያሰበውን አንዳች የማያውቅ ቢሆን፣ ያ ሰው ከኔስቶር ጋር አንድ ነው ሊባል ይችላል? ሎክ አይባልም ይላል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ ከእርሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ይበልጥ በሚያሳምም መልኩ አቅርቦት ነበር፤ የነበርከውን ሁሉ እንድትረሳ ተገደህ የቻይና ንጉሥ ብትሆን ምን ይጠቅምሃል? አንተ ጠፍተህ በዚያው ቅጽበት ቻይና ውስጥ አንድ ንጉሥ ከመፈጠሩ በምን ይለያል? ጓደኛዎ ለዚህ መልስ ያስፈልገዋል። ከ500 ዓመት በፊት ያለችው «ያቺው ነፍስ» ትዝታዎንም፣ ሥጋዎንም፣ ወላጆችዎንም፣ ጠባይዎንም ካልያዘች፣ የእርስዎ ናት እንጂ የጎረቤትዎ አይደለችም የሚያሰኛት ምንድን ነው? አማኝ «ይህን ፈጣሪ ያውቃል» ሊል ይችላል፤ ያንን የምከራከርበት አቅም የለኝም። ግን ያ መልስ እምነት ነው፣ የጓደኛዎን አባባል እንደ ማስረጃ አያቆመውም።

ታዲያ ማንነትን የሚይዘው ምንድን ነው? እኔ የምስማማበት መልስ በ1970 የ29 ዓመቱ አሜሪካዊ ፈላስፋ ሶል ክሪፕኪ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ማስታወሻ በቃሉ በሰጣቸው ሦስት ትምህርቶች ውስጥ ይገኛል። ክሪፕኪ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛን ምሳሌ አደረገ። ልጅ ሳለች ተሰርቃ በድኻ ቤት አድጋ ዘውድ ሳትጭን ብትሞት ኖሮ እርሷው በሆነች ነበር፤ ያቺው ሴት ሌላ ዕድል ገጠማት እንላለን። ከሌላ አባትና ከሌላ እናት፣ ከሌላ የዘር ፍሬና ከሌላ እንቁላል ብትወለድስ? ያን ጊዜ መልኳ እንኳ ቁርጥ እርሷን ቢመስል፣ እርሷን የምትመስል ሌላ ሴት ናት እንጂ እርሷ አይደለችም።

አሁን ይህን የምጽፍበትን ጠረጴዛ ይውሰዱት። ግራ ጎኑ ላይ አንጓ አለ፤ ቀለም ቢቀባም እንደ ዓይን ያፈጣል። ጠረጴዛው አረንጓዴ ሊቀባ፣ እግሩ ሊያጥር፣ ሥጋ መክተፊያ ሊሆን ይችል ነበር፤ ያው ጠረጴዛ ነው። አናጢው ግን ያን ቀን ይህን እንጨት ትቶ ሌላ ግንድ ቢጠርብና በመጠንም በቅርፅም ልክ እንደዚህ ያለ ጠረጴዛ ቢሠራ፣ እዚህ የሚቆመው ሌላ ጠረጴዛ ነው። ይህኛው አልተሠራም ማለት ነው። ነገሮች ከተፈጠሩ በኋላ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መነሻቸው ግን አይለዋወጥም።

የሰው መነሻ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ሥነ ሕይወት በቁጥር ይነግረናል። እያንዳንዱ ወላጅ ከ23 ጥንድ ክሮሞዞሞቹ (ዘረ መልን የሚሸከሙ ክሮች) አንድ አንዱን ብቻ ያወርሳል። ይህ ብቻ 8,388,608 የተለያዩ አሰላለፎች ይሰጣል። የሁለቱ ወላጆች ሲባዛ ከ70 ትሪሊዮን በላይ ነው፤ ክሮሞዞሞቹ እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ቁራጭ ሳንቆጥር። የወንዱ ዘር በአንድ ጊዜ በአሥርና በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ የሴቷ እንቁላል ከወጣች በኋላ ለመጸነስ ዝግጁ ሆና የምትቆየው ግን አንድ ቀን ያህል ነው። ይህን በአንድ ወር ያዘገዩት፤ እንቁላሏ ሌላ ናት፣ የወንዱም ዘር ሌላ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት በ1984 ይህን ይዞ ከባድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ማናችንም በተጸነስንበት ጊዜ፣ ከአንድ ወር በማይበልጥ ልዩነት፣ ባንጸነስ ኖሮ ከናካቴው አንኖርም ነበር። ባቡርና አውቶሞቢል ባይፈለሰፉ ኖሮ እኔ እወለድ ነበር ብሎ በእውነት መናገር የሚችል ሰው ስንት ነው ብሎም ጠየቀ። ወላጆቻችን፣ አያቶቻችን፣ ቅድመ አያቶቻችን የተገናኙባቸው መንገዶች የዘመናቸው መንገዶች ናቸውና። 500 ዓመት በ25 ዓመት ትውልድ ቢቆጠር 20 ትውልድ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ወር ብቻ ቢዛነፍ ሰንሰለቱ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል።

እዚህ ላይ ግን አብዛኛው ሰው፣ ፈላስፎችም ጭምር፣ የሚረግጡት ወጥመድ አለ። እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጽንስ ነው። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ልደት ነው። ሁለቱ በዘጠኝ ወር ተያይዘው ስለኖሩ አንድ ይመስሉናል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ናጌል በ1970 ሰው ዘግይቶ ሊሞት ይችላል፣ ከተወለደበት እጅግ ቀድሞ ግን ሊወለድ አይችልም፤ ቀድሞ የሚወለደው ሌላ ሰው ነው ብሎ ጻፈ። ሌላው አሜሪካዊ ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ አንድ ጉዳይ አነሳበት። ሰዎች ከመወለዳቸው ብዙ አስቀድሞ ተዘጋጅተው እንደ ዘር ፍሬ ለረጅም ጊዜ ተኝተው የሚቆዩ ፍጡራን ቢሆኑስ? ያን ጊዜ ያው ፍጡር ዛሬም ከመቶ ዓመት በኋላም ሊነቃ አይችልም? በጊዜው የፈላስፋ ቅዠት ይመስል ነበር። በ1984 ከቀዘቀዘ ሽል የመጀመሪያው ሕፃን አውስትራሊያ ውስጥ ተወለደ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ1992 ጀምሮ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ ተቀምጠው ከነበሩ ሽሎች መንትዮች ተወለዱ። ሽሎቹ ከቀዘቀዙ ከሠላሳ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ማለት ነው።

ስለ እነዚህ መንትዮች የሚነሳው ጥያቄ ተራ ጥያቄ ነው። ሽሎቹ ወዲያው በ1992 ማህፀን ውስጥ ቢቀመጡ ኖሮ ያደጉት ሰዎች እነዚሁ ይሆኑ ነበር? እንደኔ አዎን፣ ይሆኑ ነበር። ያቺው ሽል፣ ያው ዘር፣ ያው መነሻ ነው፤ የተለያየው ከማቀዝቀዣው የወጣበት ቀን ብቻ ነው። በ1993 ቢወለዱ ኖሮ ኢንተርኔት ሳይስፋፋ ፊደል ይቆጥሩ፣ ዛሬ ሥራ ይዘው የራሳቸውን ልጆች ያሳድጉ ነበር። አሁን ግን ገና ሕፃናት ናቸው። ሕይወታቸው ፈጽሞ የተለያየ፣ ሰዎቹ ግን እነዚያው። ስለዚህ ማንነት በሌላ ዘመን መወለድን ሊሻገር ይችላል ወይ ለሚለው መልሴ አዎን፣ ጽንሱ ያው ከሆነ ይችላል የሚል ነው። መንገዱ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የተከፈተው። ሽል ማቆየት ይቻላል፣ ወደ ኋላ መላክ አይቻልም። ወደፊት የሚያልም ሰው ጠባብ በር አለው። እንደ እርስዎ ወደ ኋላ ለሚያልም ግን ምንም በር የለውም፤ ከ500 ዓመት በፊት የእርስዎ ሽል አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም ነበር።

የእርስዎ ሐሳብ ግን ሙሉ በሙሉ ይውደቅ አልልም። ዘመን ምንነትን ምን ያህል እንደሚሠራ ሲታይ እርስዎ ካሰቡት በላይ ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አንድ ልምምድ እሰጣለሁ። ስለ ራሳችሁ ሃያ ነገር ጻፉ፤ ከዚያ ከ1,000 ዓመት በፊት ተወልዳችሁ ቢሆን የማይኖረውን ሰርዙ እላቸዋለሁ። ሥራ፣ ትምህርት፣ የሚወዱት ሙዚቃ ቶሎ ይሰረዛሉ። በአንዱ ዓመት አንዲት ተማሪ «አንባቢ ነኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አንሥታ ቆመች። መነጽሯን አውልቃ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችውና «ይህ ከሌለ እኔ ሰሌዳውንም አላይ» አለች። ልክ ናት፤ መነጽር መሠራት የጀመረው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ግን «ዓይንሽ ራሱ እንዲህ ባልሆነ ነበር» አላት። እርሱም ልክ ነው። ከሩቅ አጥርቶ አለማየት ልጆች በቤት ውስጥ በንባብና በቅርብ ሥራ ብዙ ሰዓት በሚያሳልፉበት፣ የቀን ብርሃን በሚጎድልበት ቦታ ይበዛል። አንባቢነቷም፣ የዓይኗ ድክመትም፣ መነጽሯም ከአንድ ዘመን የመጡ ነበሩ። ተማሪዋ መነጽሩን መልሳ አደረገችና መስመሩን ሰረዘችው፤ ከዚያ «ቁመቴ» የሚለውንም ሰረዘች። ለዚህም ምክንያት አላት፤ የኔዘርላንድ ወንዶች አማካይ ቁመት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል።

ስለ ጥንቱ ዘመን ሲያልሙ የሚረሳ ሌላ ነገርም አለ። ከዘመናዊ ሕክምና በፊት ከተወለዱት ልጆች ግማሽ ያህሉ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር። ራሱን በድሮ ዘመን ያስቀመጠ ሰው ሁልጊዜ ራሱን ጎልማሳ፣ ፊደል የቆጠረ፣ ብዙውን ጊዜም ከቤተ መንግሥት የማይርቅ አድርጎ ነው የሚያየው። በሁለት ዓመቱ በተቅማጥ የሞተውን ልጅ አድርጎ ራሱን የሚያስብ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ ያው ጽንስ መሆን ለማንነት አስፈላጊ ነው እንጂ ብቻውን አይበቃም። ከአንድ ጽንስ የሚከፈሉ ተመሳሳይ መንትዮች ከ1,000 ወሊድ በ3 ወይም በ4 ያህሉ ይገኛሉ፤ መነሻቸው አንድ ሲሆን ሰዎቹ ሁለት ናቸው። ስለዚህ «ማንነት ማለት ዘረ መል ነው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት። ሁለተኛው፣ የማይስማሙ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ልዊስ በሌላ ዕድል ውስጥ ያለው «እርስዎ» በጥሬው እርስዎ ሳይሆን እርስዎን በይበልጥ የሚመስለው ሰው ነው ይላል፤ ምን ያህል መምሰል እንደሚበቃ ደግሞ እንደ ንግግሩ ዓላማ ይለያያል። በዚህ ከሄድን ጥያቄዎ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። እኔ አልቀበለውም፤ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ ለምን እርስዎ እንደሆነ መምሰል ሊያስረዳኝ አልቻለም። ግን ሞኝነት አይደለም። ሦስተኛው፣ ማንነት የትዝታ ሰንሰለት ነው የሚሉም አሉ፤ በእነርሱ መለኪያ ከሄድን ደግሞ የሁለቱን ሕይወት የሚያያይዝ አንድም ትዝታ ስለሌለ መልሱ ይበልጥ አሉታዊ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከክርክር ጠረጴዛ ወርዶ ሰውን የሚነካበት ቦታ አለ። «እኔ በዚያ ዘመን ብኖር ኖሮ ሰው በባርነት አልሸጥም ነበር» ይባላል። አርስጦጣሊስ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ብሎ ጽፏል፤ ያን የሚያህል አእምሮ ያልጣሰውን የዘመን አጥር እኔ እጥሰው ነበር ማለት ድፍረት ነው። ያቺው ሽል በዚያ ዘመን ብታድግ እንኳ የምታድገው ባርነትን እንደ ዝናብና ፀሐይ በሚቆጥሩ ሰዎች እጅ ነው። በሌላ በኩል «ያ ጦርነት ባይሆን አያቶቼ አይገናኙም፣ እኔም አልወለድም ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ጦርነቱ ጥሩ ነበር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በደል በመወለዳችን አይነጻም።

«ዘመኔን ተሳስቼ ተወለድኩ» የሚለውም ከዚሁ ይመደባል። ይህ አባባል ከልደትዎ በፊት አንድ ቦታ ቆመው የሚጠብቁ እርስዎ እንደነበሩና ወደ ስህተት ዘመን እንደተላኩ ያስመስላል። የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ስህተት ለመሆን ትክክለኛ የሚሆንበት ሌላ ቦታ ያስፈልግ ነበር፤ ለእርስዎ ያ ቦታ የለም።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ «እኔ እሆን ነበር ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት፣ ተመልሷልና። በምትኩ የተማሪዎቼን ልምምድ ይሥሩ፤ ሃያ ነገር ይጻፉ፣ ዘመንዎ የሰጠዎትን ይለዩ። ከዚያ በአያትዎ ፌዝ ውስጥ ያለውን እውነተኛ ነገር ይፈልጉ፤ ከጥንቱ የሚናፍቁት በትክክል ምንድን ነው? ጸጥታ ነው? በእጅ የሚሠራ ሥራ? ረጅም ጨዋታ? አብዛኛው ዛሬም የሚገኝ ነው፤ ዘመን ሳይሆን ልማድ መለወጥ ይጠይቃል። የማይገኝ ካለም ማጣትዎን በስሙ ይጥሩት። ይህ የባይተዋርነት ስሜት ግን እንቅልፍ የሚነሣ፣ ከሰው የሚያርቅ ከሆነ ጉዳዩ የፍልስፍና አይደለምና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።

ቀረችን የሰርጉ ጥያቄ። ትንሽ ብለዋታል፤ ለእኔ ከ500 ዓመቱ ትበልጣለች። ወላጆችዎ ሰርጉን ባያዘገዩት ኖሮ እርስዎ ዛሬ ሁለት ዓመት አይጨምሩም ነበር። ሁለት ዓመት የሚበልጥ ሌላ ልጅ በዚያ ቤት ያድግ ነበር፤ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፣ ከእርስዎም ጋር የሚመሳሰለው ወንድምና እህት በሚመሳሰሉበት ልክ ብቻ ነው። ወላጆችዎ ለበኩር ልጃቸው ስም አስቀድመው አውጥተው ከነበረ፣ ያ ልጅ የእርስዎን ስም ይዞ፣ አያትዎ በስሙ እየጠሩት፣ ምናልባት ታሪክ የሚባል ነገር ጨርሶ የማይወድ ሰው ሆኖ ያድግ ነበር። የእርስዎን አለመኖር ግን ከቤቱ ማንም አያውቀውም።